የጠሪው አድማ

የምሥራች! ተጠራች! ዛሬ ጠዋት፣ ፀሐይዋ የሾላውን ጉብታ እንኳ በደንብ ሳታለብሰው፣ ስሟ ከነአባቷ ተጠራ፤ አንዴ ብቻ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ! ከወንዙ ማዶ ያሉት ሳይቀሩ ሰምተው፣ ጋቢ የደረበውም ሽርጥ ያጠበቀውም እየተንደረደረ ወጣ።

የሞተ ሰው ስም ተጠራ ተብሎ የምሥራች ይባላል ወይ የሚል አይጠፋም። ይባላል። ነገሩን ከሥሩ የሰማ ሰው አይፈርድም። የተጠራችው ነሲባ ናት፣ የአብዱልጀሊል ሚስት። ከሞተች አምስት ወር አልፏታል። ታሪኩ ግን የእሷ ብቻ አይደለም፤ በሰው አድማ ሲስቅና ሲሳደብ ኖሮ፣ ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ራሱ አድማ የመታው የባሏ ታሪክ ነው።

አብዱልጀሊልን መርሳ ውስጥ የማያውቀው የለም። መልኩን የማያውቅ እንኳ ድምፁን ያውቃል። ቀን ቀን ገበያው ዳር በተወጠረች ሸራ ሥር ተቀምጦ ጆንያ ይሰፋል፤ የሽንኩርት ጆንያ፣ የማሽላ ጆንያ፣ አንዳንዴም የተቀደደ የመኪና ሸራ። ይህ እንጀራው ነው። ክብሩ ግን ሌላ ነው፤ የሰፈሩ የቅሬ ጠሪ ነው።

ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። የእኛ ግን መስጊድ የሚሄደውንም ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውንም በአንድ አቅፎ የያዘ ነው። ሰው ሲሞት ጠሪው ጉብታው ላይ ይወጣና ይጠራል። እሱ ሲጠራ ሱቅ ይዘጋል፣ በሬ የጠመደ ይፈታል፣ ሊጥ ያቦካች ክዳኑን ገጥማ ትወጣለች። ከቀብር የቀረ ሰው «አልሰማሁም» ካለ የሚወቀሰው ጠሪው ነው። በአብዱልጀሊል ሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ግን «አልሰማሁም» ያለ ሰው የለም። ቢልም የሚያምነው አያገኝም።

አጠራሩ የራሱ ሥርዓት አለው። ወሬ ሰምቶ አይወጣም፤ ከሐዘንተኛው ቤት የተላከ ሰው መጥቶ በአፉ መንገር አለበት። ከዚያ ከዘራውን ይዞ ይወጣል። መጀመሪያ ስም አይጠራም። «ቅሬ ውጡ!» ይልና ዝም ይላል።

«ሰው በእጁ የያዘውን የሚያስቀምጥበት ጊዜ ነው» ይላል ሲጠየቅ። «ልጅ ያቀፈች እናት ስሙን በድንገት ብትሰማ ልጁ ከእጇ ይወድቃል።»

በሁለተኛው ጥሪ የአባት ስም ይመጣል፣ ከዚያ የሟቹ፣ ከዚያ ቀብሩ የትና መቼ እንደሆነ። ይህን ያስተማሩት ከእሱ በፊት የነበሩት ጠሪ ናቸው። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቀው ነግረውታል፤ ጠሪ የራሱን ሰው አይጠራም። ሐዘንተኛ ነውና ድምፁ ይሰበራል፣ የተሰበረ ድምፅ ደግሞ ከወንዙ አይሻገርም። የጠሪውን ሰው የሚጠራው ምክትሉ ነው። ምክትሉ አብዱልሐሊም ይባላል፤ ጦርነቱ ወደ እኛ ሲጠጋ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ደሴ እንደወጣ እስከ አሁን አልተመለሰም። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

የአብዱልጀሊል እረፍቱ ዳማ ነው። ዐሱርን ሰግዶ ቡርቱካን ሻይ ቤት ደጃፍ ይቀመጣል። ተጋጣሚው ዓለምነህ ነው፣ የከባድ መኪና መካኒክ፣ የልጅነት ጓደኛው። የዓለምነህ ጠጠሮች የቢራ ቆርኪ ናቸው፣ የአብዱልጀሊል የለስላሳ። ለስላሳው በጦርነቱ ጊዜ ከከተማ ሲጠፋ እንኳ አብዱልጀሊል የድሮዎቹን የዛጉ ቆርኪዎች በጨርቅ ቋጥሮ አስቀመጣቸው እንጂ በቢራ ቆርኪ አልተጫወተም። «እጄን ልታስጠጣው ነው እንዴ?» ይለዋል ዓለምነህን።

የካቲት ላይ ባጃጆቹ አድማ የመቱ ጊዜም እዚያው ዳማው ላይ ነበሩ። ከተማዋ ነፃ ከወጣች ሁለት ወር ቢያልፍም መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ቤንዚንም በሰልፍ ነው። የባጃጅ ነጂዎቹ ተወካይ ዛኪር፣ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ቀይ የእጅ ድምፅ ማጉያ ይዞ፣ ከገበያው እስከ ውርጌሳ መውጫ ሲዞር ዋለ። «ዛሬ ባጃጅ የለም! በእግራችሁ ሂዱ! ዛሬ ባጃጅ የለም!» ነገሩ በድፍን መርሳ ጆሮ ውስጥ ቀረ።

ሲደክመው ሻይ ቤቱ ደጃፍ መጥቶ ቁጭ አለ። አብዱልጀሊል ዓይኑን ከዳማው አላነሣም።

«ሥራ አቆምን አሉ» አለ። «መቼ ጀምረው ነው ያቆሙት?»

«አያ አብዱልጀሊል፣ እስቲ አንቱ ይፍረዱ» አለ ዛኪር። «ሦስት ቀን ተሰልፈን፣ ተራችን ሲደርስ ትናንት የመጣ ባለ ዘመድ ቀድቶ ውልቅ! ምን እናድርግ?»

«መሰለፍ ነዋ!»

«ተሰለፍን እኮ!»

«ደግማችሁ ተሰለፉ! እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ስጠራ አንድ ቀን ደከመኝ ብያለሁ? ዝናብ ነው ብያለሁ? እስቲ የሚሞት ሰው፣ 'አብዱልጀሊል አድማ ላይ ነው፣ ነገ እሞታለሁ' ሲል ሰምተህ ታውቃለህ?»

«አንቱ በቤንዚን አይሄዱማ!»

ዓለምነህ እስኪያስለው ሳቀ። ቡርቱካን ከውስጥ ሆና ጮኸች፤ «ከዐሱር እስከ መግሪብ ቆርኪ ሲገፋ የሚውል ሰው ስለ ሥራ ሲያወራ ደስ ይለኛል!»

«ዳማ ሥራ ነው!» አለ አብዱልጀሊል። «ጭንቅላት ያሠራል።»

«እንግዲያ ጭንቅላትህ አድማ ላይ ነው» አለና ዓለምነህ ሦስት ቆርኪ በአንድ ዝላይ በላበት።

ሁሉም ሳቀ፤ አብዱልጀሊል አልሳቀም። እግሩን ቀጥ አድርጎ ተነሣና ቤቱ ገባ። ያን ሰሞን በትንሹም በትልቁም ይቆጣ ነበር፤ በሻዩ መቅጠን፣ በወፍጮ ቤቱ ሰልፍ፣ ከወልድያ ዘግይቶ በመጣው ሚኒባስ። ሰው «የሚስቱ ሐዘን ነው» ይልለታል። ግማሹ ልክ ነበር።

ከተማዋ በተያዘችባቸው ወራት ጉብታ ላይ ወጥቶ መጮህ ቀርቶ ሦስት ሰው አንድ ላይ መቆም ያስፈራ ነበር። ሙት የሚቀበረው በሹክሹክታ ነበር። አብዱልጀሊል ግን ሥራውን አልፈታም። ባዶ ጆንያ በትከሻው ጥሎ፣ ጆንያ የሚሸጥ መስሎ በየአጥሩ ያልፋል። «የእገሌ ልጅ አርፏል፤ ከዐሱር በፊት» ይልና ሳይቆም ይሄዳል። አሥራ አራት ሰው እንዲህ አድርጎ አስቀብሯል፤ ሙስሊምም ክርስቲያንም።

ነሲባ አስም ነበረባት። የምትስበው መድኃኒት መስከረም ላይ አለቀ። መርሳ የለም፣ ወልድያ የለም፤ ሲሪንቃ አንድ ሰው ጋ አለ ሲባል በእግሩ ሄዶ ባዶውን ተመለሰ። ጥቅምት ላይ፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ፣ ትንፋሿ እያጠረ እያጠረ ሄዶ ቆመ። ያን ቀን በየአጥሩ ያለፈ ጠሪ አልነበረም። ጠሪው ሐዘንተኛ ነው፤ ምክትሉ ደሴ ነው። አራት ሰው ቀበራት፤ እሱ፣ ኢማሙ ሸኽ ሙስዐብ፣ አንድ ጎረቤት፣ ጉድጓዱን የቆፈረው ዓለምነህ። ለትጥበቷ የሚሆነውን ውኃ በጀሪካን ተሸክማ ያመጣችው ፀዳለ ናት፣ የባለ ሱቁ የዮሐንስ ሚስት። በቃ። አርባ ሠርግ ያጨበጨበች፣ የስንቱን ልጅ ያዋለደች ሴት፣ በአራት ሰው ገባች።

ታኅሣሥ ላይ ነፃ ስንወጣ ቅሬው ተሰበሰበ። የቅሬው ዳኛ ሞላ «በሹክሹክታ የተቀበሩት ሁሉ ከጉብታው ላይ በስማቸው ይጠሩ፣ ለቅሷቸውም እንደ ደንቡ ይቀመጥ» ብሎ ወሰነ። ጥሩ ውሳኔ ነበር። አብዱልጀሊል ሰባት ጠዋት፣ በቀን ሁለት ሁለት ሰው ጠራ። ሕዝቡ ወጣ፣ አለቀሰ፣ ወጣለት። በሰባተኛው ቀን ሞላ ተነሥቶ «የቀረ አለ?» ብሎ ጠየቀ።

አብዱልጀሊል ከዘራውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። የሰዉን ፊት አንድ በአንድ አየ። አንድ አፍ እስኪከፈት ጠበቀ። ማንም ምንም አላለም።

«እንግዲያ ጨርሰናል፤ አላህም እግዚአብሔርም ይቀበላቸው» አለ ሞላ፣ ሰዉም አቧራውን አራግፎ ተበተነ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው አብዱልጀሊል በሆነው ባልሆነው የሚቆጣው። ለሞላ ሄዶ መንገር ይችል ነበር። ግን ምን ብሎ? የእኔም ሚስት ሞታለች፣ አልቅሱላት ብሎ? የሃያ ሁለት ዓመት ጠሪ ሐዘን ለምኖ ያስጠራል? ጆንያውን ሲሰፋ በመርፌው እንደ ጠላት ይወጋው ነበር።

የባጃጆቹ አድማ በሦስተኛው ቀን ሠራ። የራሳቸው ሰልፍ ተሰጣቸው። አብዱልጀሊል ይህን ሲሰማ ሁለት ቀን ዳማውን ተወ። በዕድሜው ሙሉ የናቀው ነገር ሠራ!

መጋቢት በገባ በመጀመሪያው እሑድ ቅሬው እንደ ወትሮው ተሰበሰበ። አብዱልጀሊል ተነሥቶ ከዘራውን ሞላ ፊት ጠረጴዛው ላይ አጋደመው።

«ከዛሬ ጀምሮ አልጠራም» አለ። «አድማ መትቻለሁ።»

ሳቅ እንደ ጎርፍ ወረደ።

«አድማ ብቻህን ትመታለህ እንዴ?» አለ ሞላ እንባውን እየጠረገ።

«ጠሪው አንድ ከሆነ አድመኛውም አንድ ነው።»

«ይሁን። ጥያቄህስ ምንድን ነው?»

«ታውቁታላችሁ።»

«ካላወቅነውስ?»

«ካላወቃችሁት የባሰ ነው!» ብሎ ወጥቶ ሄደ።

ሳቁ ያኔ ቆመ። ምን ፈልጎ ነው? ሰዉ በያለበት መገመት ጀመረ። አንዱ ጫማው አልቆ ነው አለ፤ አዲስ ጫማ በፌስታል ተላከለት። በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ተወው። ሌላው ክረምት እየመጣ ነው ብሎ የዝናብ ካፖርት አመጣ። «ክረምቱ አራት ወር ቀርቶታል፤ እስከዚያ አንተው ልበሰው!» ብሎ መለሰው። ዛኪርማ ቀዩን ድምፅ ማጉያ በሁለት እጁ አቅርቦ መጣ።

«አያ፣ ጉሮሮዎ ደክሞ ከሆነ እኔ አውስዎታለሁ።»

«ጉሮሮዬ!» አብዱልጀሊል ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ጉሮሮዬ ከዚህ ቆርቆሮህ በፊት ነበረ፣ ከእሱም በኋላ ይኖራል! ውሰድልኝ ከፊቴ!»

በመጨረሻ ሞላ ራሱ መጣ። የመጣው ግን ሊለምን አልነበረም።

«ስማኝ አብዱልጀሊል፤ ሰው ሞቶ ካልጠራህ ቅሬው ያስወጣሃል። ደንቡን ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለህ። ከቅሬ የወጣ ሰው ነገ ራሱ ሲሞት ማን ይወጣለታል?»

«ገብቶኛል» አለ አብዱልጀሊል። «ያለ ሰው መቀበርን ከአንተ አልማረውም።»

ሞላ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ነገሩ ከፊቱ ተቀምጦ ነበር፤ አላየውም!

ከዚያ ወዲያ አብዱልጀሊል በየጠዋቱ አንድ ዱዓ ብቻ ያደርግ ጀመር፤ «ያ ረቢ፣ በዚህ ሰሞን ሰው አትውሰድ።» በመንገድ ላይ የሚያስል ሽማግሌ ካየ ያስቆመዋል። «ዝንጅብል ጠጣ። ነፋስ አትቀመጥ። ዛሬስ ምግብ በልተሃል?» ሰው ሁሉ አድማው ጸባዩን አሳመረው ብሎ ገረመው። እሱ ግን በሁለት እሳት መሐል ነበር። ከጠራ ነሲባ ለዘላለም ተረሳች። ካልጠራ አንድ ምስኪን ሰው በእሱ እልኸኝነት ባዶ መንገድ ይሄዳል፣ እሱም ከቅሬው ይወጣል።

ዱዓው አሥራ አንድ ቀን ሠራ። ትናንት ጠዋት ባለ ሱቁ ዮሐንስ ቁርሱን ሳይጨርስ አረፈ።

የተላከው ሰው የአብዱልጀሊል ሸራ ሥር መጥቶ ነገረው። አብዱልጀሊል መርፌውን ጆንያው ላይ ሰካ።

«ነፍስ ይማር» አለ። «ለሞላ ግን አድማው እንዳለ ነው በለው።»

ሞላ ተናዶ ዛኪርን ጠራ። ዛኪር ድምፅ ማጉያውን ታጥቆ በባጃጁ ከተማውን መዞር ጀመረ። አሁን ፍረዱ! ያ ቆርቆሮ ሲያጓራ ቃሉን የሚለይ የለም፤ ሰዉ የሚያውቀው ቀዩን ነገር ነው፣ የዛኪርን ባጃጅ ነው። ቀዩ ነገር ደግሞ እስከ ትናንት ድረስ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያወራው። ቡርቱካን «ደግሞ አድማ መቱ፣ አፈር ይብሉ!» ብላ በሯን ዘጋች። ወደ ግራና ከተማ የሚሄዱት ባጃጅ የለም ብለው ቅርጫታቸውን ተሸክመው በእግራቸው ቀጠሉ። ነጂዎቹ ደግሞ ተወካያቸው ሲዞር ያዩ ጊዜ ሳይጠይቁ ባጃጃቸውን በየተራ አቆሙ። ዛኪር «ቅሬ ውጡ!» እያለ በጮኸ ቁጥር ከተማው ይበልጥ ቤቱ ገባ።

ስምንት ሰዓት ላይ አብዱልጀሊል ቀና ሲል የሬሳ ሣጥን በገበያው መንገድ ሲመጣ አየ። ከኋላው ሕዝብ ይመጣል ብሎ ጠበቀ። የለም። ተሸካሚዎቹ አራት፣ ሞላ አምስት፣ ዲያቆኑ ስድስት። ከኋላ ፀዳለ ብቻዋን፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ግራ ቀኝ ታያለች። ሰው የት ሄደ ብላ ነው የምታየው። አብዱልጀሊል ያን አስተያየት ያውቀዋል። ጥቅምት ላይ እሱም እንዲያ ግራ ቀኝ እያየ ነበር የሄደው።

ጆንያው ከጭኑ ወደቀ። ከዘራው የለም፣ ሞላ ቤት ነው። ያለ ከዘራ፣ በዚያ ዕድሜ፣ ጉብታውን በሩጫ ወጣው። አፉን በእጁ ከልሎ ቆመ።

«ቅሬ ውጡ!»

ዝም አለ። ሰው የያዘውን ያስቀምጥ።

ከተማው ጆሮውን ቀጥ አደረገ። ይህን ድምፅ ማን ይሳሳተዋል? በሮች ተከፈቱ። ዓለምነህ ከተኛበት ከባድ መኪና ሥር ዘይት እንደተቀባ ወጣ። ቡርቱካን የሻይ ማንቆርቆሪያውን ከእሳት ላይ አወረደች። ሁለተኛውን ጥሪ ሲጠራ ሰዉ መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ በሦስተኛው በግራና መንገድ የሄዱት ቅርጫታቸውን ዛፍ ሥር ጥለው እየሮጡ ይመለሱ ነበር። ዮሐንስ በሕዝብ ተከቦ ገባ።

ከቀብር መልስ ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ሥር ሰዉ ጢም ብሎ ተቀመጠ። አብዱልጀሊል ከበሩ አጠገብ፣ ጉልበቱን አቅፎ። በራሱ ተናዷል፣ በእነሱ ተናዷል፣ በዮሐንስም ጭምር ተናዷል፤ አንድ ሳምንት ቢቆይ ምን ነበረበት!

«እንግዲህ አድማው ፈረሰ» አለ ሞላ፣ ነገሩን ለማለሳለስ ፈገግ ብሎ።

«ፈረሰ! ደስ ይበላችሁ!»

ያኔ ነው ፀዳለ ከሐዘንተኞቹ መሐል ቀና ያለችው።

«አንተ አብዱልጀሊል» አለች፤ ድምፅዋ በለቅሶ ደክሟል። «ዛሬ ለዮሐንስ ስትጠራ ሰማሁህ። እግዜር ይስጥልኝ። ግን ስሄድ ስሄድ አንድ ነገር መጣብኝ። ነሲባ የተጠራች ቀን እኔ የት ነበርኩ? ውኃዋን ያመጣሁ ሰው፣ ለቅሶዋ ላይ እንዴት ቀረሁ?»

አብዱልጀሊል መሬት መሬት አየ።

«ማን ነበር የጠራት?» አለች ፀዳለ፣ አሁን ወደ ሞላ ዞራ።

«እሱ ራሱ ነዋ» አለ ሞላ። «የመጀመሪያው ቀን መሰለኝ…»

«የመጀመሪያው ቀን የእኔ አጎት ነው» አለ አንዱ።

«እኔ ደግሞ ደሴ እያለን የተጠራች መስሎኝ» አለች ሌላዋ።

«ጠሪው እሱ፣ እንዴት የራሱን ይረሳል ብለን…»

«ጠሪ የራሱን ሰው ይጠራል እንዴ?» አብዱልጀሊል ተነሥቶ ቆሞ ነበር። ጉብታው ላይ ያልተሰበረው ድምፅ እዚያ ተሰበረ። «አሥራ አራት ሰው ጠራሁላችሁ! የቀረ አለ ሲባል አፈር አፈር አያችሁ! አምስት ወር ጠበቅኳችሁ፣ ጫማ ትልኩልኛላችሁ! ካፖርት! ቆርቆሮ! እኔን እንደሆን ተዉኝ፤ እሷ ከእናንተ የማንን ሠርግ ቀረች? የማንን ምጥ ቀረች? እስቲ አንድ ሰው 'የእኔን' ይበል!»

ዓለምነህ ዘይት በነካው መዳፉ ግንባሩን መታ።

«ጉድጓዷን የቆፈርኩት እኔ!» አለ። «በየቀኑ ፊት ለፊትህ ተቀምጬ ቆርኪ ስበላብህ! ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተስ ለምን አልጠየቅከኝም?»

ዓለምነህ ብድግ አለ። «ነገ ጠዋት እኔ እጠራታለሁ» አለ።

ዛሬ ጠዋት ወጣ። የዓለምነህ ድምፅ ዘይት ያልነካው የመኪና በር ነው። ጉብታው ላይ ቆሞ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ባንዴ «ነሲባ!» ብሎ ጀመረ።

አብዱልጀሊል ሐዘንተኛ ሆኖ በደጁ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ብድግ አለ።

«መጀመሪያ ስም አይጠራም!» ብሎ ከታች ጮኸ። «ቅሬ ውጡ ነው የሚባለው! ሰው የያዘውን ያስቀምጥ እንጂ!»

«እሺ! ቅሬ ውጡ!» አለ ዓለምነህ ከላይ። ዝም አለ። ቀጠለና የአባቷን ስም ከነሲባ ስም ጋር ጠራ።

«ከፍ አድርገው! ይህ ከወንዙ አይሻገርም! ከሆድህ አውጣው!»

በሦስተኛው ጊዜ ዓለምነህ ከሆዱ አወጣው። ተሻገረ! ከማዶ ሴቶቹ ዋይታውን ሲመልሱት ሰማን። አብዱልጀሊል «እንዲያ ነው» አለ፤ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ፣ የጋቢውን ጫፍ ፊቱ ላይ ጣለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። በአምስት ወሩ።

ሰዉ ጎረፈ። የዱዓውን ጫት፣ ምንጣፉን፣ ጀሪካኑን ይዞ። ዛኪር ጓደኞቹን አስተባብሮ አሮጊቶቹን በባጃጅ ያመላልስ ነበር፤ በሰልፍ በተቀዳች ቤንዚን። ፀዳለ የራሷን ለቅሶ ቤት ለእህቷ ትታ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ይህንን ያየ ሰው ምን ይላል? ሞላ ከዘራውን ይዞ መጣና ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው።

«ሦስት ቀን ተቀመጥ» አለው። «ከዚያ ትይዘዋለህ። ደንቡንም ጽፈነዋል፤ የጠሪው ቤት ሲያዝን መጀመሪያ የሚጠይቀው ዳኛው ነው።»

«በሦስቱ ቀን ሰው ቢሞትስ?» አለ አብዱልጀሊል ዓይኑን እየጠረገ።

«ዓለምነህ ይጠራል።»

«አላህ ይጠብቀን!»

በለቅሶ መሐል ተሳቀ፤ ያልሳቀ አልነበረም። ዛኪር ጠጋ ብሎ «አያ፣ አድማን እንዴት አገኙት?» አለው በሹክሹክታ።

አብዱልጀሊል አፈጠጠበት። «ጥያቄህን ደብቀህ የምትመታው ከሆነ ጅልነት ነው። አሁን ሂድ፣ ያን ቀይ ነገር ወንዝ ውስጥ ጣለው።»

ኧረ ሁሪያ! ነሲባን የመሰለች እህቷ ሁሪያ ግራና ናት፤ ስልኩ እንደሆነ እስከ አሁን አይሠራም፣ እህቷ ዛሬ መጠራቷን ማንም አልነገራትም። ከሌላ ሰው ከሰማች ይቅር አትለኝም። ያቺ የግራና ጋሪ ልትነሣ ነው፤ ቆይ! ቆይ በሉልኝ!